የአውሮፓ ባቡር፦ ፓስ እንግዛ ወይስ ትኬት በየጉዞው እንቁረጥ?

የለገሃር_ልጅ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ታገሱኝ፣ በዚ ነገር ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሐምሌ ላይ እማዬን ይዤ አውሮፓ ልሄድ ነው። እህቴ ፍራንክፈርት ነው የምትኖረው፣ እሷም የ8 ዓመት ልጇን ይዛ አብራን ትዞራለች፣ የልጅቷ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ስለሆነ ነው ሐምሌን የመረጥነው። ሀሳባችን በፍራንክፈርት ገብተን ሚዩኒክ፣ ሳልዝበርግ፣ ቪየና፣ ቬኒስ፣ ፍሎረንስ ከዛ ሮም፣ እኔና እማዬ ከሮም ቀጥታ ወደ ቦሌ። 16 ቀን አካባቢ ነው፣ ሁሉንም በባቡር።

ለምን በባቡር ካላችሁ ምክንያቱ እማዬ ናት። ድሬዳዋ ነው ያደገችው፣ ልጅ ሆና ከአያቴ ጋር በድሮው ባቡር ለገሃር ድረስ ትመጣ ነበር፣ አዋሽ ላይ ሲቆም በመስኮት ሙዝ ሲያቀብሏቸው ምናምን እስካሁን የትናንት አድርጋ ነው የምታወራው። ጫፏ የተበሳች ወፍራም የካርቶን ትኬት አለቻት፣ ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ ነው የምታስቀምጣት፣ ጽሑፏ ለቋል ግን አትጥላትም። የኔ ቢሮ ስታዲየም አካባቢ ስለሆነ በየቀኑ በድሮው ጣቢያ በር ነው የማልፈው፣ እና አንድ ቀን ረጅም ባቡር ላይ መስኮት ጋ አስቀምጣታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

አሁን ጥያቄዬ፣ ፒያሳ አንድ የጉዞ ወኪል ጋ ሄጄ "ዩሬይል ፓስ ግዢና ተገላገይ፣ አንዴ ከያዝሽ የፈለግሽው ባቡር ላይ መግባት ነው" አለኝ። ፓስ ማለት በአንድ ክፍያ ለተወሰነ ቀን ብዙ ባቡር ላይ የሚያሳፍር ትኬት ነው፣ የ7 ቀኑ 2ኛ ማዕረግ ለአዋቂ 380 ዩሮ አካባቢ ነው፣ ለሦስታችን ወደ ብር ስመታው ያስደነግጣል። እህቴ ደግሞ "ተይ፣ ትኬቱን ቀደም ብለን በየጉዞው ብንቆርጥ በግማሹ እንጨርሳለን" ትላለች። እኔ 26 ዓመቴ ነው፣ እማዬ 63። ቪዛችን ገና ነው። የሄዳችሁበት እባካችሁ ማን ነው ልክ?

አራት_ኪሎ_ነኝ

እናትሽን እንዲ ማሰብሽ በጣም ደስ ይላል። እኔ በ2015 ዓ.ም. ቤልጅየም ስማር በፓስ ዞሬያለሁ፣ ስለዚ የማውቀውን ልንገርሽ። ወኪሉ ግማሹን ነው የነገረሽ።

መጀመሪያ፣ ሦስታችሁ አንድ አይነት ፓስ አትገዙም። ዩሬይል ከአውሮፓ ውጪ ለሚኖር ሰው ነው፣ አንቺና እናትሽ ማለት ነው። እህትሽ ጀርመን ነዋሪ ስለሆነች የሷ ኢንተርሬይል ነው የሚባለው። ዋጋቸውም አሰራራቸውም ተመሳሳይ ነው ግን አንድ ልዩነት አለው፣ ኢንተርሬይል በምትኖሪበት አገር ውስጥ የሚሰራው ለመውጫ 1 ቀን ለመግቢያ 1 ቀን ብቻ ነው። እንደ እቅዳችሁ ከሆነ ፍራንክፈርት ሚዩኒክን ዛሬ፣ ሚዩኒክ ሳልዝበርግን ደግሞ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው የምትሄዱት አይደል፣ ስለዚ እህትሽ አንዱን በሌላ ትኬት መሄድ አለባት። ይሄንን ሳያውቅ ባቡር ላይ ተይዞ እንደ አዲስ ሙሉ ዋጋ የከፈለ ጓደኛ አለኝ።

ሁለተኛ፣ አንቺ እስከ 27 ዓመት ስለሆንሽ ከአዋቂው ዋጋ 25 ፐርሰንት ይቀነስልሻል፣ እናትሽም ከ60 በላይ ስለሆኑ 10 ፐርሰንት። ልጅቷ ከ4 እስከ 11 ውስጥ ስለሆነች ከአዋቂ ጋር በነፃ ነው፣ ግን የራሷ የልጅ ፓስ አብሮ መውጣት አለበት ዝም ብሎ ይዞ መግባት የለም።

ሦስተኛ "7 ቀን" ማለት ተከታታይ 7 ቀን አይደለም፣ በ1 ወር ውስጥ የምትመርጪያቸው 7 የጉዞ ቀኖች ናቸው። አንዱ ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ቀጣዩ ሌሊት 6 ሰዓት ነው፣ በዛ ውስጥ አስር ባቡር ብትቀያይሪም አንድ ቀን ነው የሚቆጠረው። የሌሊት ባቡር ከሆነ የተነሳበት ቀን ብቻ ነው የሚበላብሽ።

"የፈለግሽው ባቡር ላይ መግባት" ያለሽ ለጀርመንና ለኦስትሪያ በአብዛኛው እውነት ነው። ጣሊያን ስትገቢ ግን ፈጣኖቹ ባቡሮች ፓስ ላለውም ሪዘርቬሽን ማለትም መቀመጫ ማስያዝ ግዴታ ነው፣ በያንዳንዱ ሰው በያንዳንዱ ባቡር ከ10 ዩሮ በላይ ትከፍያለሽ። ፈረንሳይና ስፔንም እንደዛው፣ ወደ ለንደን የሚሄደው ደግሞ ለሪዘርቬሽኑ ብቻ ከ30 ዩሮ ያልፋል። የናንተ መንገድ ግማሹ ጣሊያን ስለሆነ ይሄንን ጨምረሽ አስቢው።

መንገደኛ_ሜክሲኮ

እህቴ ከሁሉም በፊት ቪዛሽ እጅሽ እስኪገባ የማይመለስ ትኬት እንዳትገዢ። ይሄንን ስጽፍልሽ እስካሁን ያመኛል።

እኔና ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ለሰርጋችን አምስተኛ ዓመት ልንሄድ ነበር፣ አንድ ዘመዳችን እዛ ሆኖ የባቡር ትኬቱን በሙሉ ከአራት ወር በፊት ገዛልን፣ በጣም ርካሹን። ስድስት ጉዞ ለሁለት ሰው። በጣም ደስ ብሎን ፕሪንት አድርገን በፋይል አስቀምጠን ቁጭ አልን። ቪዛው በተባለው ጊዜ አልመጣም። ቀኑ ሲቃረብ ባለቤቴ በየማለዳው ስልኳን እያየች፣ እኔ ከስራ እየተደወለልኝ እየወጣሁ፣ በመጨረሻ የመጣው የመጀመሪያው ባቡር ከሄደ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። የአውሮፕላኑን ቅጣት ከፍለን ቀየርነው። የባቡሩ ግን ርካሹ ትኬት ላይ የተጻፈው ቀንና ባቡር ብቻ ነው የሚሰራው አይቀየርም አይመለስም። ስድስቱም ሄደ። እዛ ደርሰን እንደገና በየጣቢያው በዕለቱ ዋጋ ገዛን፣ መጀመሪያ ከከፈልነው ሦስት እጥፍ የሆነም ነበረበት። ባለቤቴ ያንን ፋይል እስካሁን አልጣለችውም።

እዛ የሚኖር ሰው "ቀደም ብለሽ ግዢ" ሲልሽ ልክ ነው፣ ለሱ ልክ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ሐምሌ ላይ እዛ እንደሚሆን ያውቃል። እኛ ግን አናውቅም። የሼንገን ማለትም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በአንድ ላይ የሚሰራው ቪዛ ማመልከቻ ማስገባት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፣ መልሱ በደንቡ 15 ቀን ይባላል ግን እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ከዛ ላይ የቀጠሮ ወረፋ አለ። ትኬቱ ርካሽ የሚሆነው ገና ቪዛ በሌለሽ ሰዓት ነው፣ ቪዛው ሲመጣ ደግሞ ትኬቱ ተወዷል። እኔ ብሆን ፓስ ነበር የምገዛው፣ ካልጀመርሽው ትንሽ ቆርጠው ይመልሱልሻል። ብቻ በቅናሽ ጊዜ የሚሸጠው የማይመለስ ሊሆን ስለሚችል ውሉን አንብቢ።

የለገሃር_ልጅ

ወንድሜ በጣም ነው ያዘንኩት፣ እግዜር በሌላ ይካሳችሁ። እውነት ለመናገር ይሄ ጭራሽ አልታየኝም ነበር፣ እህቴም አላሰበችውም። ስለዚ ፓስ ነው ማለት ነው?

ቪየና_ነዋሪ

ቆይ ቆይ አትቸኩዪ። እዚ ቪየና ስኖር 11 ዓመቴ ነው፣ እናቴም ሁለት ጊዜ መጥታ በባቡር አዙሬያታለሁ። ቪዛ ላይ የተባለው መቶ በመቶ ልክ ነው፣ ግን ከዛ ተነስቶ ፓስ ይሻላል ማለት አይቻልም፣ መሃል ላይ ሌላ መንገድ አለ።

በቀላሉ እንዲ አስቢው፣ 380 ዩሮውን ለ7 ብታካፍይው አንዱ የጉዞ ቀን 54 ዩሮ ገደማ ይመጣል። ላንቺ በወጣት ቅናሹ 41 አካባቢ፣ ለእናትሽ 49። አሁን በየጉዞው ያንን ቁጥር አስቀምጪና ከትኬቱ ጋር አስተያዪው።

ፍራንክፈርት ሚዩኒክ በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ቀደም ብሎ ከተገዛ በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዩሮ ይገኛል፣ በዕለቱ ግን ከ100 ሊያልፍ ይችላል። እዚ ላይ ፓሱ ያዋጣል ማለት ነው የምትገዙት በመጨረሻ ሰዓት ከሆነ።

ሚዩኒክ ሳልዝበርግ ላይ ፓስ ማቃጠል ኪሳራ ነው። የባየርን ቲኬት የሚባል የቀን ትኬት አለ፣ ሳልዝበርግ ዋናው ጣቢያ ድረስ ይሰራል፣ ለአንድ ሰው 30 ዩሮ ገደማ ሆኖ ለያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 10 አካባቢ ነው የሚጨመረው፣ ዋጋው ደግሞ በመጨረሻ ሰዓትም ያው ነው አይወደድም። እህትሽ የራሷን ልጅ በነፃ ትይዛለች። በክልል ባቡር፣ በየጣቢያው በሚቆመው ቀርፋፋው ብቻ ነው የሚሰራው፣ በሥራ ቀን ደግሞ ከነሱ 9 ሰዓት ማለትም ከኛ ጠዋት 3 ሰዓት በፊት አይሰራም፣ ይሄ ሰዓት አቆጣጠር እንዳያምታታችሁ።

ሳልዝበርግ ቪየና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ሁለት ድርጅቶች ስለሚወዳደሩበት ርካሽ ነው። ቪየና ቬኒስ ሙሉ ቀን ነው፣ ወደ 7 ሰዓት፣ እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ፈጣኑን ትታችሁ በክልል ባቡር ብትሄዱ ዋጋው የተቆረጠ ነው፣ ቀደም ብለሽ ገዛሽው በሩ ላይ ገዛሽው ያው ሃያ ምናምን ዩሮ ነው። ፍሎረንስ ሮም በፈጣኑ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጀው በክልሉ ወደ አራት ሰዓት ይሆናል፣ ግን በየትንሽዬ ከተማው እየቆመ የወይኑን ኮረብታ እያሳየ ነው የሚወስድሽ፣ እናትሽ የሚፈልጉት ያንን ከሆነ ፈጣኑ ምን ያደርግላችኋል፣ እሱ ብዙ ዋሻ ውስጥ ነው የሚያልፈው። የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን አስመቱት፣ ካልተመታ ትኬት እንደሌለው ነው የሚቆጠረው ይቀጣሉ።

ስለዚ ከስድስቱ ጉዞ ውስጥ መቸኮል ያለባችሁ ለሁለቱ ብቻ ነው፣ ለፍራንክፈርት ሚዩኒክና ለቪየና ቬኒስ። ለነሱ የሚመለስ ትኬት ግዙ። ከርካሹ ትንሽ ከፍ የሚል ዋጋ አለ፣ ጀርመን ላይ ከጉዞው ቀን በፊት ከሰረዝሽው ትንሽ ቆርጠው ቀሪውን ይመልሳሉ። የሌሎቹን ቪዛው ሲመጣ።

አራት_ኪሎ_ነኝ

ቪየና_ነዋሪ ሒሳቡ ላይ አልከራከርህም፣ ግን አንድ ነገር አልቆጠርክም፣ 63 ዓመት እናት ናቸው። ጠዋት ጉልበታቸውን ቢያማቸውና የ3 ሰዓቱን ትተን የ6ቱን እንሂድ ቢሉ በርካሹ ትኬት ያቺ ባቡር ሄደች ማለት ነው። በፓስ ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ ቀጣዩ ላይ መሳፈር ነው። እኔ እሱ ነፃነት ነው ትዝ የሚለኝ፣ አንድ ጊዜ ኢንስብሩክ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ተራራው ብቅ ሲል አይቼ ዝም ብዬ ወርጄ ሦስት ሰዓት ተቀምጬ በኋለኛው ባቡር የሄድኩት።

ቪየና_ነዋሪ

ትክክል ነህ፣ እሱን እኔም ከእናቴ አይቼዋለሁ። ግን የክልል ባቡሮቹም እኮ እንደዛው ናቸው፣ የባየርን ቲኬቱን ይዛ በፈለገችው ሰዓት መነሳት ትችላለች። ሌላው ደግሞ መታወቅ ያለበት፣ የተወሰነ ባቡር ትኬት ይዘሽም ባቡሩ ዘግይቶ ወይ ማገናኛው አምልጦሽ ከሆነ ጥፋቱ ያንቺ ስላልሆነ በሌላ ባቡር እንድትሄጂ ይፈቀዳል፣ ጀርመን ውስጥ መዘግየቱ 20 ደቂቃ ከሆነ ጀምሮ ነው። መድረሻሽ ላይ 1 ሰዓት ካዘገየሽ የትኬቱ 25 ፐርሰንት፣ 2 ሰዓት ከሆነ 50 ፐርሰንት ይመለሳል፣ የአውሮፓ ህብረት ህግ ነው። ግን መቀያየሪያ ስትመርጪ 8 ደቂቃ 10 ደቂቃ የሚለውን ተይው፣ ከእናትና ከሻንጣ ጋር 30 ደቂቃ ይኑርሽ። ብዙ ጣቢያ አሳንሰር አለው ግን ፈልጎ ማግኘቱ ጊዜ ይወስዳል።

ዳገት_ወጪ

ጃፓንን ለምታስቡም ልጨምር፣ ድሮ የጃፓን ፓስ ሳይታሰብ የሚገዛ ነበር፣ ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ7 ቀኑ ከ29,650 የን ወደ 50,000 ዘለለ። ቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ 28 ሺህ የን ገደማ ስለሆነ ለዛች ብቻ ከሆነ አሁን በፍጹም አያዋጣም። በፊት የሄደ ሰው ምክር ዛሬ ላይሰራ ይችላል ለማለት ነው።

የለገሃር_ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ደብተር ይዤ ነው ያነበብኩት። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፣ ክፍያው እንዴት ነው፣ የኔ የባንክ ካርድ የውጭ ሳይት ላይ አይሰራም። ሁለተኛ የቪዛ ማመልከቻው የጉዞ ፕላን ይላል፣ ትኬት ካልገዛሁ ምን ላሳይ?

መንገደኛ_ሜክሲኮ

ባንኮች የውጭ ምንዛሪ የሚሞላበት ካርድ ያወጣሉ፣ ግን ፓስፖርት ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ስለሚጠይቁ እሱም ከቪዛ በኋላ ነው የሚሆንልሽ። እህት ካለሽ እሷ በራሷ ካርድ ትክፈል፣ ከፋዩና ተጓዡ አንድ መሆን የለባቸውም። ግን ስም ላይ ተጠንቀቁ፣ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል፣ የአያት ስም የሚገባበት ቦታ ላይ የአባት ስም እንዳይገባ። የኔን ዘመዳችን እሱን አሳስቶ ሌላ ራስ ምታት ሆኖብን ነበር።

ፕላኑን በተመለከተ፣ ቀኑን ከተማውንና የባቡሩን መነሻ ሰዓት በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ጻፊው፣ የሆቴሉን በነፃ የሚሰረዝ ያዢ። ሌላ ደግሞ ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን የምታድሩበት አገር ኤምባሲ ነው። የናንተ ከጀርመንና ከጣሊያን የቱ እንደሚበዛ ሌሊቱን ቆጥሪው፣ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት ነው። የዘረዘርሻቸው ከተሞች ሁሉ ሼንገን ውስጥ ናቸው፣ ነገር ግን በመሃል "ለንደንም እንይ" እንዳትሉ፣ ለብቻው ቪዛ ነው፣ የናንተ አንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ደግሞ ከወጣችሁ አትመለሱም።

ቪየና_ነዋሪ

አሁን ቪየና ቬኒስን ልንገርሽ። ይሄ ጉዞ ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ፣ የመስኮት ቦታ ሪዘርቭ አድርጊ፣ ጥቂት ዩሮ ነው። ከቪየና ወጥቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ዜመሪንግ የሚባለውን ተራራ ይወጣል። በ1854 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሐዲድ ነው፣ 41 ኪሎ ሜትር፣ ድልድዮቹ በድንጋይ ቅስት የተሠሩ ሁለት ፎቅ ያላቸው ሁሉ አሉ፣ ዩኔስኮ መዝግቦታል። ባቡሩ ቀስ ይላል፣ ይጠመዘዛል፣ በመስኮት የራሱን የፊት ፉርጎ ታያለሽ። እናቴ እዛ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ እስክንወርድ አንድ ቃል አልተናገረችም። በኋላ ቡና ስንጠጣ ነው "ይሄንን የቆፈረው ሰው እጁ ይባረክ" ያለችው።

የለገሃር_ልጅ

አስለቀስከኝ። ከእህቴ ጋር ማታ ስልክ ላይ ሁለት ሰዓት ተነጋግረን ወስነናል፣ ፓስ ትተናል። ፍራንክፈርት ሚዩኒክና ቪየና ቬኒስን እህቴ የሚመለሰውን ትኬት ትገዛለች፣ ሚዩኒክ ሳልዝበርግ በባየርን ቲኬት፣ ሳልዝበርግ ቪየናን ቪዛው ሲመጣ፣ ጣሊያንን በክልል ባቡር። ቪዛው ዘግይቶ ከመጣና እነዛ ሁለቱ ከተወደዱብን ብቻ የ4 ቀኑን ፓስ እናያለን። ፍሎረንስም አንድ ቀን ጨምረንላታል፣ አራት ኪሎ ያልከው የጉልበቷ ነገር ልክ ነው፣ በየሁለት ቀኑ ሻንጣ ማንሳት አትችልም።

እማዬ ይሄንን ሁሉ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፣ "ባቡሩ ውስጥ ስንቅ ይፈቀዳል?"

ቪየና_ነዋሪ

ይፈቀዳል እንጂ፣ ሁሉም ሰው የራሱን ይዞ ነው የሚበላው ማንም ቀና ብሎ አያይሽም። ዳቦ ቆሎና ቆሎ ይያዙ፣ ሽሮና በርበሬም ችግር የለውም። ቋንጣና ቅቤ ግን እንዳይዙ ንገሪያቸው፣ ከአውሮፓ ውጪ ስጋና የወተት ነገር ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ላይ ይወስዱባችኋል። ቅቤውን እህትሽ እዛው ታንጥርላቸው። ቪየና ስትደርሱ ጻፊልኝ፣ ጣቢያው ላይ ቡና በጀበና ይዤ እጠብቃችኋለሁ።